ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ምት ሲዛባ፦ አብሌሽን ለማን፣ መቼ?

የልብ ቫልቭ ኦፕራሲዮን አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የተመለሰ ሰው ቤቱ ሲገባ «ተመስገን፣ አለፈ» ይባልለታል። የደረቱ ስፌት ይድናል። ትንፋሹ ይመለሳል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ድለቃ ይጀምራል። ልብ ትር ትር ይላል። ደረጃ መውጣት ያቅታል። ያኔ «ኦፕራሲዮኑ ከሸፈ ማለት ነው?» የሚለው ስጋት ቤቱን ይሞላዋል።

ብዙም ሳይቆይ ውጭ ያለ ዘመድ ይደውላል፤ «አብሌሽን የሚባል ሕክምና አለ» ይላል። ቃሉ አሁን አሁን በእርዳታ ማሰባሰቢያ መልእክቶች ላይ ሳይቀር ይታያል። ስለ ምንነቱ የሚወራው ግን እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «ልብን ያቃጥላሉ» ይላል። ሌላው «ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ነው» ይላል። ሦስተኛው «ከዚያ በኋላ ኪኒን የሚባል ነገር የለም» ብሎ ተስፋ ይሰጣል።

የመጀመሪያው አባባል ከፊል እውነት አለው። ሁለተኛው ስህተት ነው። ሦስተኛው ስህተትም አደገኛም ነው፤ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ይህን አምኖ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ኪኒን ቢያቆም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። አብሌሽን ባጭሩ፣ ደረት ሳይከፈት በቀጭን ቱቦ ልብ ውስጥ ገብቶ ምቱን የሚያዛባውን የኤሌክትሪክ መንገድ መዝጋት ነው። ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ምቱ ለምን ይዛባል?

ልብ የሚመታው በራሱ ኤሌክትሪክ ነው። በቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ቦታ ምቱን ትጀምራለች። ጅረቱ በላይኞቹ ሁለት ክፍሎች ይሠራጫል፤ መሐል ላይ ባለ አንድ መተላለፊያ በኩል ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። አንድ ዙር፣ አንድ ምት። መንገዱ ሲበላሽ ምቱም ይበላሻል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው መዛባት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን መለየት ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል።

አንደኛው ቶሎ የሚመጣው ነው። የልብ ኦፕራሲዮን ካደረጉ ሰዎች ከመቶ ከ20 እስከ 40 በሚሆኑት ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምት መዛባት ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ልብ ተነካክቷል፣ ሽፋኑ ተቆጥቷል፣ በሰውነት ውስጥ ያለው ፈሳሽና ጨው ተዛብቷል። ይህ በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ እየበረደ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ስለ አብሌሽን ማሰብ ገና ነው። ምቱን የሚያረግብ መድኃኒት፣ የደም ማቅጠኛ፣ ፖታሲየምን ማስተካከልና ትዕግሥት ይበቃሉ። ካልሆነ ደግሞ በአጭር የኤሌክትሪክ ንዝረት ምቱን ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል፤ ሐኪሞች ካርዲዮቨርዥን ይሉታል።

ሁለተኛው ዘግይቶ የሚመጣው ነው። ይህኛው ምንጩ ጠባሳ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ወደ ቫልቩ ለመድረስ የላይኛውን የልብ ክፍል ይቀድዳል፣ በኋላም ይሰፋዋል። የልብና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራው ማሽን ቱቦዎች የገቡበትም ቦታ ይሰፋል። ስፌቱ ይድናል፤ የዳነው ቦታ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በሀገራችን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ለቫልቭ ኦፕራሲዮን የሚደርሱት አብዛኞቹ ወጣቶች በሩማቲክ የልብ ሕመም የተጎዱ ናቸው። በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚመጣው ይህ ሕመም ማይትራል የሚባለውን ቫልቭ ያጠባል። ከቫልቩ በላይ ያለው ግራ ክፍል ለዓመታት ግፊት ተሸክሞ ይለጠጣል፣ ጡንቻውም በጠባሳ ይተካል። ቫልቩ ሲቀየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ የተለጠጠው ክፍል ግን ወደ ድሮው መጠኑ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ዘግይቶ ምት መዛባቱ ብቻውን ኦፕራሲዮኑ መክሸፉን አያሳይም። ቫልቩ ደህና መሆኑ በኤኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ መታየት ግን አለበት።

ደቅና ዘጌ

ጠባሳ ምትን እንዴት ያዛባል? ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ደቅ ደሴት ናት። በጀልባ ዙሪያዋን ዞሮ ወደ ተነሱበት መመለስ ይቻላል፤ ነዳጅ እስካለ ድረስ ደጋግሞ መዞር ይቻላል። ዘጌ ግን ልሳነ ምድር ነው። በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ተያይዟል። በጀልባ ዙሪያውን እዞራለሁ ያለ ሰው የብሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

በልብ ውስጥ ያለ ጠባሳ እንደ ደቅ ነው። ኤሌክትሪኩ በላዩ ማለፍ ስለማይችል ዙሪያውን ይሄዳል። አንዳንዴ ታዲያ ዞሮ የተነሳበት ይመጣና እንደገና ይዞራል። በቃ፣ ማቆሚያ የለውም። በደቂቃ ወደ 300 ጊዜ ሊዞር ይችላል። መሐል ላይ ያለው መተላለፊያ ሁሉንም ስለማያሳልፍ ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ ወደ ታች ይወርዳል፤ እጅ ላይ የሚቆጠረው ምት 150 አካባቢ ይሆናል። ይህ ኤትሪያል ፍላተር ይባላል። ትራይከስፒድ የሚባለው የቀኝ ልብ ቫልቭ ቀለበትም ያለ ምንም ቀዶ ጥገና እንዲህ ዓይነት «ደሴት» ሊሆን ይችላል፤ ኦፕራሲዮን ባደረገ ሰው ላይ ደግሞ ሁለቱም ዙሮች አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

አብሌሽን የሚያደርገው ደቅን ዘጌ ማድረግ ነው። ጠባሳውን ወይም ቀለበቱን በአቅራቢያው ካለ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ጠርዝ ጋር በቀጭን መስመር ያያይዘዋል። መስመሩ ራሱ ሆን ተብሎ የተሠራ ሌላ ጠባሳ ነው። ዙሩ ይዘጋል፤ ኤሌክትሪኩም ይቆማል።

ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

ደረት አይከፈትም። ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ባለ ደም መላሽ ቧንቧ ካቴተር ያስገባል። ካቴተር ማለት ቀጭንና እንደልብ የሚተጣጠፍ ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ ኤሌክትሪክን የሚያነብብ ብረት አለ። ቱቦው ልብ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ነጥብ በነጥብ ይነካል፤ ኮምፒውተሩ ከየነጥቡ የመጣውን ምልክት ሰብስቦ የልቡን ካርታ በቀለም ይሥላል። የሥራው ትልቁ ክፍል ይህ ካርታ ነው። ዙሩ የት እንዳለ ሳይታወቅ የሚቃጠል ነገር የለም።

ከዚያ የቱቦው ጫፍ በሬዲዮ ሞገድ ጉልበት የነካውን ጡንቻ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ያሞቀዋል። እያንዳንዱ ነጥብ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። «ልብን ያቃጥላሉ» የሚለው ወሬ የተነሳው ከዚህ ነው፤ የሚቃጠለው ግን ልቡ ሳይሆን መስመሩ ነው። ከሙቀት ይልቅ በብርድ የሚሠራ ፊኛም አለ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በጣም አጭር በሆነ የኤሌክትሪክ ምት በይበልጥ የልብን ሴሎች ለይቶ የሚያጠፋ ዘዴ ተጨምሯል። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል፤ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይነሳል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በሰው ላይ በካቴተር የተደረገው የመጀመሪያው አብሌሽን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ በፈረንሳይ ቦርዶ የነበሩ ሐኪሞች ትልቅ ነገር አሳዩ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን የተመሰቃቀለ ምት የሚቀሰቅሱት ብልጭታዎች በብዛት የሚነሱት ከሳንባ ወደ ግራ ልብ ደም ከሚመልሱት ቧንቧዎች አፍ ነው። ከዚያ ወዲህ የእነዚህን ቧንቧዎች አፍ ዙሪያውን ማጠር የአብሌሽን ዋና ሥራ ሆነ።

ሁለቱ ምቶች አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው ሁሉንም «የልብ ምት ችግር» ብሎ ያልፈዋል። ለውሳኔው ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ፍላተር ሥርዓት ያለው ዙር ነው። መንገዱ ከታወቀ ይቆረጣል። በትራይከስፒድ ቀለበት ዙሪያ ያለው የተለመደው ዓይነት በአብሌሽን ከመቶ ከ90 በላይ ይሳካል። በኦፕራሲዮን ጠባሳ ዙሪያ ያለው ከዚያ ይከብዳል፤ ጠባሳው አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ አንዱ ዙር ሲዘጋ ሌላው ብቅ ሊል ይችላል። ያም ሆኖ መድኃኒት ይህን ዓይነቱን ዙር ለማርገብ ብዙ ጊዜ ይቸገራል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አብሌሽን ጎልቶ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

ፊብሪሌሽን ግን ሥርዓት የለውም። የላይኞቹ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 በላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ እጅ ላይ ያለው ምት አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላል። የሚመጣና የሚሄድ ሲሆን፣ ግራ ክፍሉም ብዙ ካልተለጠጠ፣ ከአብሌሽን በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ሰዎች ሳይመለስባቸው ይቆያሉ። ለዓመታት የቆየ ከሆነና ግራው ክፍል በሩማቲክ ሕመም ተለጥጦ ጠባሳ ከሞላው ውጤቱ በግልጽ ይቀንሳል። ሁለተኛ ጊዜ መድገም የተለመደ ነው። እንግዲህ «ስንት ከመቶ ይሳካል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የማን ልብ? የትኛው ምት? ስንት ዓመት የቆየ?

አንድ ሌላ ነገር። ከአብሌሽን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ወራት ምቱ ቢመለስ እንደ ውድቀት አይቆጠርም። የተቃጠለው ቦታ ገና እየዳነ ነው። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ «ገንዘቡ ባከነ» ብሎ ይሰበራል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ኀዘን ያድናል።

«ከዚያ በኋላ ኪኒን የለም» የሚለው

ምት ሲዛባ በግራው የላይኛ ክፍል ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነስቶ ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ይሆናል። የደም ማቅጠኛ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ደግሞ ሁለተኛ ምክንያት አለው፤ ብረቱ ራሱ ደም ያረጋል። አብሌሽን ምቱን ቢያስተካክል እንኳ ብረቱን አያወጣውም። ስለዚህ የብረት ቫልቭ ላለው ሰው ዋርፋሪን የዕድሜ ልክ ነው። ሌላ መልስ የለውም።

«ክትትል የማይፈልጉ አዲስ ማቅጠኛዎች አሉ አይደል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አሉ፤ ግን ለዚህ ሰው አይሆኑም። ዳቢጋትራን የተባለው በብረት ቫልቭ ላይ ተሞክሮ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ተቋርጧል፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል፤ ደም መርጋትም መድማትም በዝቶ ነበር። ኢንቪክተስ የተባለው ትልቅ ጥናት ደግሞ በቀጥታ እኛን የሚመለከት ነው። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ባሉ 24 አገሮች፣ ከ4500 በላይ የሩማቲክ ልብና የፊብሪሌሽን ታካሚዎችን አካቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ፣ ከአዲሶቹ ማቅጠኛዎች አንዱ የሆነውን ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ ዋርፋሪንና መሰሎቹን የወሰዱት ያነሰ ሞት ታይቶባቸዋል። ብዙዎች ያልጠበቁት ውጤት ነበር።

የብረት ቫልቭ የሌለው ሰውም ቢሆን ከአብሌሽን በኋላ ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ወራት ማቅጠኛ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ መቆሙ የሚወሰነው በስትሮክ ስጋቱ ነው። ምቱ ስለተስተካከለ ብቻ አይቆምም። የማይትራል ጥበት ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል።

የዋርፋሪን ልክ የሚታወቀው አይኤንአር በተባለ የደም ምርመራ ነው። ለብዙ ታካሚ ግቡ ከ2 እስከ 3 ነው፤ በማይትራል ቦታ የብረት ቫልቭ ላለው አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5። ከዚህ ካነሰ ይረጋል፣ ከበዛ ይደማል። እኛ ጋ ይህን ልክ የሚያናጋው አንድ የታወቀ ነገር አለ፦ ጾም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ ገበታውን ይሞላል። እነዚህ ቫይታሚን ኬ አላቸው፤ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳሉ። ፋሲካ ሲገባ ጎመኑ ይቀርና ሥጋው ይመጣል፤ ልኩ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። መፍትሔው ጎመን መከልከል አይደለም። በየሳምንቱ ተቀራራቢ መጠን መብላት፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ አይኤንአር መለካት ነው። ፍላጅልና ባክትሪም የመሰሉ፣ ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙ መድኃኒቶች የዋርፋሪንን ጉልበት ይጨምራሉ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመድማት አደጋን ያባብሳሉ። ለምት የሚሰጠው አሚዮዳሮንም የዋርፋሪንን ጉልበት በእጅጉ ይጨምራል፤ ሲጀመር የዋርፋሪን መጠን መቀነሱን መጠየቅ ይገባል።

ጠበል የሚጠጡና የሚጠመቁ ሰዎች ኪኒኑን «ለጊዜው» የሚያቆሙበት ሁኔታም አለ። ጠበሉና ኪኒኑ አይጣሉም። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል፤ ዋርፋሪንን ለሁለት ሳምንት ማቋረጥ ግን የብረት ቫልቭን ሊዘጋ ይችላል። ለመውለድ የምታስብ ሴትም ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር አለባት፤ ዋርፋሪን በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ጽንሱን ይጎዳል። ሩማቲክ ሕመሙ እንዳያገረሽ በየወሩ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌም ቢሆን ቫልቩ ስለተቀየረ በራሱ አይቀርም፤ እስከ መቼ እንደሚቀጥል የሚወስነው ሐኪም ነው።

ሐኪሞች የሚከራከሩበት ነጥብ

ምቱን ወደ ተፈጥሮው መመለስ ይሻላል ወይስ ፍጥነቱን ብቻ በኪኒን ማርገብ ይበቃል? ይህ ክርክር ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል።

ማርገብ ይበቃል የሚሉት ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። አፈርም የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ከ4000 በላይ ሰዎችን አነጻጽሮ ምትን በመድኃኒት መመለስ ዕድሜ እንደማያስረዝም አሳይቷል። ካባና የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 አብሌሽንን ከመድኃኒት ጋር አነጻጸረ። ለ2204 ሰዎች በዕጣ ከተመደበላቸው ሕክምና አንጻር ሲታይ በሞት፣ በከባድ ስትሮክ፣ በከባድ መድማትና በልብ መቆም ድምር ላይ ግልጽ ልዩነት አልታየም። የኑሮ ጥራት ግን በአብሌሽን ተሻሽሏል። ትንፋሽ ሲመለስ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ያ ቀላል ነገር አይደለም።

ምቱ ይመለስ የሚሉትም ማስረጃ አላቸው። ኢስት የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 በሽታው በታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ምቱን መመለስ የተጀመረላቸው ሰዎች ያነሰ ስትሮክና ያነሰ የልብ ሞት እንደገጠማቸው አሳይቷል። ካስል የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ልባቸው በደከመ 363 ሰዎች ላይ አብሌሽን ሞትን እንደቀነሰ አሳይቷል።

እዚህ ላይ መታሰብ ያለበት ነገር አለ። እነዚህ ጥናቶች በብዛት የተሠሩት በአውሮፓና በአሜሪካ፣ ዕድሜያቸው በገፋና የሩማቲክ ቫልቭ በሌላቸው ሰዎች ላይ ነው። በ25 ዓመቷ ቫልቧን ለቀየረች ወጣት ቃል በቃል አይሠሩም። በእኔ እምነት ሚዛኑ እንዲህ ነው፦ ሕመሙ በመድኃኒት ረግቦ ሰውዬው ሥራውን የሚሠራ ከሆነ፣ በቂ መድኃኒትና ጥሩ አይኤንአር ይቀድማል። ፍላተር ከሆነና መድኃኒት እምቢ ካለ፣ ወይም ልቡ ለሳምንታት በፍጥነት ከመምታቱ የተነሳ መድከም ከጀመረ ግን አብሌሽን መዘግየት የለበትም። በፍጥነት ብዛት የደከመ ልብ ፍጥነቱ ሲቆም ብዙ ጊዜ ያገግማል። ይህን ዕድል ማሳለፍ ያሳዝናል።

የመጨረሻ አማራጭ የሚባልም አለ። መሐል ያለውን መተላለፊያ ራሱን አቃጥሎ ፔስሜከር፣ ማለትም ልብን በባትሪ የሚያስመታ ትንሽ መሣሪያ፣ ማስገባት ነው። ምቱ ይረጋል፤ ሰውዬው ግን ከዚያ በኋላ በመሣሪያው ላይ ጥገኛ ይሆናል። ክትትሉና የባትሪ ቅየራው በሌለበት ቦታ ለወጣት ሰው ከባድ ውሳኔ ነው።

ገና ኦፕራሲዮን ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ፊብሪሌሽን ካለ፣ ደረቱ ተከፍቶ ሳለ ሜዝ የተባለውን የምት ማስተካከያ መስመር መሥራት ይቻላል። ደም በብዛት የሚረጋበትን የግራ ክፍል ኪስም መዝጋት ይቻላል፤ ኪሱን መዝጋት ስትሮክን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ትልቅ ጥናት ታይቷል። ቀዶ ሐኪሙን ይህን መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ኦፕራሲዮን ባደረገ ልብ ላይ ያለው ልዩ አደጋ

አብሌሽን ቀላል ነገር አይደለም። ከመቶ ሰው በአንዱ ገደማ በልብ ዙሪያ ደም ይጠራቀማል፤ ወዲያው መቀዳት አለበት። ስትሮክ ከመቶ ከአንድ ባነሰ ሰው ላይ ይደርሳል። ብሽሽት ላይ ደም መቋጠር የተለመደ ነው።

የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ላይ አንድ ይጨመራል። ካቴተሩ ወደ ብረቱ ቅጠሎች ከቀረበ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ሊያስከትል ይችላል። በላይኞቹ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ በጨርቅ የተለጠፈለት ሰው ላይም በዚያ ግድግዳ ማለፍ ይከብዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት በትክክል ምን እንደተሠራ ማወቅ አለበት። ይህ ደግሞ የሚገኘው አንድ ወረቀት ላይ ነው።

ከባሕር ዳር ሳይነሱ የሚሠራው

በሀገራችን የልብ ቀዶ ሕክምናና የካቴተር አገልግሎት በዋናነት አዲስ አበባ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል የታወቀው ምሳሌ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ አስተማማኝ አይደለም። ውጭ ለመሄድ ደግሞ የሜዲካል ቦርድ ወረቀት፣ የውጭ ምንዛሪና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት ግን ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሊጀመሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

ከሁሉም የሚበልጠው ልቡ በሚደልቅበት ሰዓት የተነሳ ኢሲጂ ነው፤ የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚሥል ምርመራ ማለት ነው። ድለቃው ካለፈ በኋላ የተነሳ ኢሲጂ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ስለዚህ ድለቃው ሲጀምር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ሄዶ ኢሲጂ ማስነሳት ያስፈልጋል። ያቺ ባለ ትንንሽ ካሬ ሮዝ ወረቀት ፍላተርን ከፊብሪሌሽን የምትለየው እሷ ናት። ቀለሟ በሙቀትና በጊዜ ስለሚደበዝዝ በስልክ ፎቶ አንስቶ ቀንና ሰዓት ጽፎ ማስቀመጥ ይጠቅማል። አብሌሽን የሚሠራ ሐኪም የትም አገር ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህችን ነው።

ሁለተኛው የቀዶ ሕክምናው ማጠቃለያ ወረቀት ነው። የቫልቩ ዓይነትና ቁጥር፣ ልቡ በየት በኩል እንደተከፈተ፣ ሜዝ ተሠርቶ እንደሆነ፣ ኪሱ ተዘግቶ እንደሆነ እዚያ ላይ አለ። ብዙ ሰው የመውጫ ካርዱን እንጂ ይህን አይይዝም። ኦፕራሲዮኑ ከተሠራበት ቦታ ማስላክ ይቻላል።

ከዚያ ቀላል የሚመስሉ ምርመራዎች ይከተላሉ። ኤኮ። አይኤንአር። ፖታሲየም፤ ላሲክስ የተባለውን የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው በቀላሉ ይጎድልበታል፣ የጎደለው ፖታሲየም ደግሞ ምትን ያዛባል። የታይሮይድ ምርመራ፤ እንቅርት በብዛት በሚታይበት አካባቢያችን ይህ መዘለል የለበትም፣ ከልክ በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ብቻውን ፊብሪሌሽን ያመጣል። አረቄና ጫትም ይጠየቁ፤ ሁለቱም ልብን ያስደልቃሉ። ከእነዚህ አንዱ ተገኝቶ ሲስተካከል ምቱ በመድኃኒት ብቻ የሚረግብላቸው ሰዎች አሉ።

ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ እጥረት፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ድንገተኛ ክፍል ነው።

ተመልሶ ለመጣ ሰው

አብሌሽን አድርጎ የተመለሰ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ከባድ ነገር አለ። በግራ ልብ ላይ በሙቀት ሲሠራ፣ ከጀርባ ያለው የምግብ ቧንቧ አልፎ አልፎ ይቆስላል። በጣም ጥቂት ሰው ላይ ቁስሉ በልብና በቧንቧው መካከል ቀዳዳ ይፈጥራል። ምልክቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ሰውዬው ባሕር ዳር ቤቱ ከገባ በኋላ ማለት ነው። ትኩሳት፣ ሲውጡ ማመም፣ የደረት ሕመም፣ አንዳንዴም እንደ ስትሮክ ያለ ነገር።

በእኛ አካባቢ ትኩሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባና ታይፎይድ ነው። ሐኪሙ አብሌሽን መደረጉን ካላወቀ ሌላ ነገር አይጠረጥርም። ይህ ችግር ሲጠረጠር የሚነሳው የደረት ሲቲ ስካን ነው፤ በአፍ የሚገባ የጨጓራ ካሜራ ግን አየር ስለሚነፋ አደጋውን ያባብሳል። ስለዚህ ከአብሌሽን በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ትኩሳት የያዘው ሰው ካርድ ሲያወጣ በመጀመሪያ የሚናገረው «አብሌሽን አድርጌያለሁ» የሚለውን ነው። ራሱን ሊስት ስለሚችል አብሮት የሚኖረው ሰውም ይህን ይወቅ። የተሠራበት ቀንና የሠራው ሐኪም ስልክ ከዋርፋሪኑ ካርድ ጋር አብሮ ይቀመጥ።